ወደ ግራ የዞረው ሌማት

ረድዋን ሁሴንን ዛሬ ሸዋሮቢት ላይ ማግኘት ቀላል ነው። ሽንኩርት ከሚጫንበት ሜዳ ጀርባ፣ ማንጎው ወደ መንገድ ያዘነበለበትን ግቢ ጠይቁ፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ራሳቸው «ስፌት ቤት ነው?» ብለው ያደርሷችኋል። ሠላሳ ያልሞላው ጎልማሳ እግሩን ሰብስቦ ከጥላው ስር ተቀምጧል። ወስፌውን በግራ እጁ ይዟል። ሰው ሲገባ ቀና ብሎ «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ይላል፣ ወስፌው ግን አያርፍም። መጀመሪያ ያየው ሰው ትንሽ ግር ይለዋል። በእኛ አገር ወንድ ሲሰፋ ልብስ በመኪና ነው፣ ቢበዛ ፍራሽ ነው፤ ሰፌድና ሌማት የሴት እጅ ነው እየተባለ ስንት ዘመን ተኑሯል። ረድዋንም ይህንኑ አምኖ ያደገ ልጅ ነበር። ስፌቱ ዘንድ ያደረሰው ደግሞ ረጅም መንገድ ነው።

በሃያ ሁለት ዓመቱ ሄደ። በአፋር አድርጎ ጅቡቲ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ሳዑዲ ጅዛን። ከሰፈሩ ስንቱ ልጅ የሄደበት መንገድ ስለሆነ ማንም አልገረመውም፤ እናቱ ራህመት ብቻ ሦስት ቀን እህል አልቀምስ አለች። ጅዛን ተራራ ላይ ፍየል ጠበቀ፣ ድንጋይ ተሸከመ፣ የሰው እርሻ አጠጣ። የላከው ገንዘብ ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ ሆነ፣ ታናሽ እህቱን ኑርሃንን ኮሌጅ አስጨረሰ። በሦስተኛው ዓመት ተያዘ። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በሚተኛበት ማቆያ ውስጥ ሳል ጀመረው፤ ሳሉ ትኩሳት ሆነ፣ ትኩሳቱ ራሱን ይፈልጠው ጀመር፤ አንድ ጠዋት ሊነሳ ሲል ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ተመላሾችን ካመጣው አውሮፕላን በቃሬዛ ወረደ። ሐኪሞቹ በሽታው ቲቢ እንደሆነ፣ ከሳንባው ተነስቶ ጭንቅላቱን እንደነካው ነገሩት። መድኃኒቱን ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ከዋጠ ይድናል፣ እግሩም ይመለስለታል፣ ስለ እጁ ግን ምንም አንልህም አሉት።

እንግዲህ በይፋት ቆላ ሰው ከዓረብ አገር ሲመለስ ወግ አለው። በግ ይታረዳል፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ በተራው ጨብጦ «እንኳን ደህና ገባህ» ይላል። ይህ ካልተባለ ሰውዬው ገባ አይባልም። ረድዋን የገባው ፀሐይዋ ሰውን ሁሉ ቤት በከተተችበት ቀትር ነው። ሚኒባሱ በር ላይ አወረደው፣ እናቱና አጎቱ ሷሊሕ በሁለት ጎን ደግፈው ወደ ጓዳ አስገቡት፣ መጋረጃው ተጋረደ። ራህመት በጉን ለማሳረድ ልጇ ቆሞ እንዲታይ ፈለገች፤ ሳምንት ልጠብቅ አለች።

ሳምንቱ ሳይሞላ፣ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ የኑርሃን ሽማግሌዎች መጡ። ከማጀቴ ወገን ናቸው፤ ልጁ አንዋር ይባላል፣ ማሾ የሚነግድ ጨዋ ልጅ ነው፣ ኑርሃንም ትፈልገዋለች። የልጆቹ አባት ሁሴን ቀደም ብሎ ስለሞተ፣ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ለሷሊሕ አቅርበው ሲያበቁ ታላቅ ወንድሟም ቢሰማ ደግ ነው አሉ። ራህመት ከሷሊሕ አፍ ነጥቃ «ሳዑዲ ነው፤ በስልክ እናሰማዋለን» አለች። ሷሊሕ አንዴ የጓዳውን መጋረጃ አየ፣ አንዴ የገዛ ጫማውን አየ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

ራህመት ክፉ ሴት አይደለችም። አካል የሚያጣምም በሽታ በዘር ይሄዳል ሲባል እየሰማች ያደገች እናት ናት። ሳል ያለበት ቤት ሰው እንደሚሸሽም ታውቃለች። የልጇ ዕድል ደጃፍ ላይ ደርሶ እንዳይመለስ ፈራች። አንድ ጊዜ ከአፏ የወጣው ቃል ግን ማደሪያ አግኝቶ ተቀመጠ። ሰፈሩ ሁሉ ረድዋን እንዳለ ያውቃል፤ የሴት ልጅ ዕድል የሚያሰናክል አፍ ላለመሆን ሰፈሩ ሁሉ ዝም አለ። ጨዋነታችን አንዳንዴ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይጥለናል። የአንዋር ቤተሰቦች ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር ረድዋን ወደ ጓዳ ይገባል፣ እነሱ ስለ እሱ ይጠይቃሉ፣ ራህመት «ደህና ነው፣ ሰላም ብሏችኋል» ትላለች። ይህን ስትል አልዋሸችም፤ ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ በሹክሹክታ ሰላም ይላቸው ነበር።

አንድ ቀንማ አንዋር እዚያው ሳሎን ተቀምጦ፣ ወንድሟን በድምፅ እንኳ ልተዋወቀው ብሎ በኢንተርኔት ደወለ። ስልኩ ጓዳ ውስጥ ሲጮህ ኑርሃን ትን እንዳላት ሰው ማሳል ያዘች። ረድዋን እያነከሰ በጓሮ በር ወጥቶ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆሞ መለሰለት። ስለ ሥራ ጠየቀው፣ ስለ አገሩ ጠየቀው። ረድዋን ላብ ፊቱን እያጠበው «ሙቀቱ አይጣል ነው ወንድሜ» አለው። አንዋር አዘነለት፣ አይዞህ አለው። ምስልህን ልየው ሲለው ኔትወርኩ ደካማ ሆነ።

ያን ዕለት እናትና ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ረድዋን ግን ሳቁ ሲያልፍ ብቻውን ቁጭ ብሎ አንድ ነገር ታየው። እንደ ሰው አነጋገር እሱ ገና እዚያው ነው፣ ወደ ቤቱ አልመጣም። ቀኝ እጁ እንደ ተጨበጠ ቀርቶ ከጋቢው ስር ተደብቋል፤ እሱም ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቋል። እህቱ እውነቱን ለአንዋር ልንገረው ብላ ሁለት ጊዜ ለመነችው፤ ከሠርግሽ በኋላ ይደረሳል እያለ የከለከላት ራሱ ነው። ኑርሃን ከእሱ የተነሳ ሳትዳር ብትቀር ከበሽታው ይልቅ ያ እንደሚገድለው ያውቀዋል። እንዲህ አስቦ ዝም አለ፤ ዝም ባለ ቁጥር ግን በእርግጥ የተመለሰ አይመስለውም ነበር።

እግሩ ሲጠነክር ወደ ሆስፒታሉ መመላለስ ጀመረ። ፍሬሕይወት የምትባል የእጅና የእግር እንቅስቃሴ የምታሠራ ባለሙያ የላስቲክ ኳስ ሰጥታ በቀን መቶ ጊዜ ጨብጥ ለቀቅ አድርግ አለችው። ሦስት ቀን ጨበጠ፤ በአራተኛው ኳሱን ሲወረውር የጎረቤት ዶሮ ለጥቂት ተረፈች። ፍሬሕይወት አልተቆጣችም። ኳስ ካስጠላህ ቤትህ ውስጥ በእጅ የሚሠራ ነገር ፈልግ፣ እጅ የሚለመደው ሥራ ሲያገኝ ነው ብላ ሸኘችው። እሱም በሆዱ እኔ የማውቀው ድንጋይ መሸከም ነው እያለ ወጣ።

ሥራውን ያመጣችው እትዬ ደብሪቱ ናት። ከግድግዳ ወዲያ የምትኖር፣ ከቀወት ገጠር የመጣች ክርስቲያን ባልቴት ናት። ስፌቷን ከብብቷ ሳትለይ ጠዋት ማታ በሽተኛ ትጠይቃለች፤ ምላሷ ደግሞ ከወስፌዋ ይሾላል። አንድ ከሰዓት ከረድዋን ፊት ለፊት ተቀምጣ ስንደዶ ልትሰነጥቅ ፈለገችና፣ ጅምሩን ሰፌድ የምታስይዘው ሰው አጣች። ዞር ዞር ብላ አይታ ጋቢውን ገለጠችው።

«በል ያቺን ቡጢህን አውጣና ያዝልኝ» አለችው። «ሥራ ፈት እጅ አልወድም።»

ሊቆጣ አሰበ፤ አፉ ግን እሺ አለ። የተጨበጡትን ጣቶቹን ፈልቅቃ የሰፌዱን ጠርዝ በመሃላቸው አስገባች። ለመፍታት ሆስፒታል ድረስ የተለፋበት ያ ጭብጥ ለካ ለመያዝ ከማንም እጅ ይበልጣል፤ ጠርዙን ነክሶ ያዘው። ደብሪቱ እንዲህ ያለ ማያዣ ድሮ ባገኝ ኖሮ መሶብ ስንቱን በጨረስኩ አለች። ረድዋን ከተመለሰ ጀምሮ ስለዚያ እጅ ደግ ነገር የተናገረ ሰው ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

በሳምንቱ ወስፌውን በግራ እጁ ሞከረው። ደብሪቱ ፊት ለፊቱ ስለምትቀመጥ እንደ መስታወት እያያት ነው የተማረው፤ እሷ በቀኝ ስትወጋ እሱ በግራ ይወጋል፣ እሷ ወደዚህ ስታዞር እሱ ወደዚያ ያዞራል። አክርማ የሚባለውን ሣር በውስጥ እየጠቀለሉ፣ ስንደዶውን በላዩ እየጠመጠሙ፣ እያጠበቁ መሄድ ነው። መጀመሪያ የጨረሰው ነገር ጠርዙ የተንሻፈፈ፣ ዶሮ እንኳ ውሃ ልትጠጣበት የምትንቀው ነበር፤ ደብሪቱ ግን ወስዳ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ ዛሬም እዚያው አለ። ሦስተኛው ላይ ጠርዙ ቀና አለ። ዙሩ ወደ ግራ መሄዱን ያየችው ያኔ ነው። ሌላው ሰው የሚሰፋው ሁሉ በአንድ በኩል ሲዞር የእሱ ተገላብጦ ይዞራል። ልታስፈታው አሰበችና ተወችው፤ ማን ዙር ያያል አለች።

ራህመት ከገበያ ገብታ ልጇን ወስፌ ይዞ ባገኘችው ቀን፣ ትሳቅ ታልቅስ ያለየለት ፊት አሳየች። መጀመሪያ ያደረገችው የውጭውን በር መዝጋት ነው። ቀጥላ ደብሪቱን፣ ወንድ ልጅ ዓረብ አገር ብልክ አንቺ ሴት ልታደርጊብኝ ነው ወይ ብላ ያዘቻት። ደብሪቱም እንግዲያው ሁለት ሴት ልጅ አለሽ፣ አንዷን ስትድሪ ሌላዋንም ደርበሽ ዳሪ ብላ ስፌቷን ቀጠለች። ራህመት ሦስት ቀን አኮረፈች። በአራተኛው ቀን ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ያ ከተመለሰ ጀምሮ እየባነነ ግድግዳ የሚደበድበው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ አድሮ ነበር። ማክሰኞ ገበያ ሄዳ፣ ለራሴ ነው እያለች ለማያውቋት ሳይቀር እየነገረች፣ ሦስት ትልልቅ ነዶ ስንደዶ ገዝታ መጣች።

ከዚያ ወዲያ ረድዋን ሌላ ሰው ሆነ ብል ይጋነናል። ድካሙ ነበር፣ መድኃኒቱ ያቅለሸልሸው ነበር፣ ሦስት ቀን ወስፌውን ሳይነካ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞርበትም ጊዜ ነበር። ግን ጠዋት ሲነሳ የሚጠብቀው ነገር አለ። ቀለም የማዋደድ ነገር ከየት እንደመጣለት እሱም አያውቅም፤ ስንደዶውን ቀለም ነክሮ አለላ ማድረግ ከደብሪቱ ተማረና ብዙም ሳይቆይ አለፋት። ቀይ ከቡኒ አጠገብ ምን እንደሚሆን፣ አረንጓዴ ለብቻው ሲሆን እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያያል። ኑርሃን ስልኳ ላይ የሌላ አገር ስፌት ስታሳየው አየት አድርጎ ይመልስላታል። እሱ የሚሰፋው ያየውን ነው።

የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ ሌማቱን ጀመረ። ሙሽራ ስትወጣ እናቷ በሰፋችው ሌማት ምግብ ተሞልቶ ከእሷ ጋር ይሄዳል፤ ራህመትም የራሷን ጨርሳ አስቀምጣለች። ረድዋን ግን ማንም ሳያዘው፣ ለማን እንደሆነ ሳይናገር ጀመረ። መሃሉን ነጭ አደረገው፣ እሱ ቤቱ ነው። ከዚያ የአፋርን በረሃ በቡኒና በቀይ አዞረ። ከዚያ ሰማያዊ አለላ አነሳና አንድ ዙር ሰፍቶ ወስፌውን አስቀመጠ። ዘጠኝ ቀን አልነካውም። ደብሪቱ በየቀኑ እየመጣች ታያለች፣ አትጠይቅም። በአሥረኛው ቀን ራሱ ተናገረ።

ጀልባው ላይ ከጎኑ አንድ ልጅ ነበር። ዕድሜው ከእሱ ያነሰ፣ ሲፈራ የሚስቅ ዓይነት። ማዕበሉ ሲያናውጣቸው የረድዋንን ሸሚዝ ይዞ ነበር፤ ጀልባው አንዴ ሲያዘነብል ሸሚዙ ተቀደደና ልጁ ውሃ ውስጥ ቀረ። የተቀደደው ቁራጭ አብሮት ሄደ። ረድዋን ይህን ለማንም አልተናገረም ነበር።

«ስሙን አልጠየቅኩትም እትዬ ደብሪቱ» አለ። «ሁለት ቀን አብረን ቁጭ ብለን ስሙን አልጠየቅኩትም። እናቱ ዘንድ ሄጄ እንዳልነግር እንኳ ማን ብዬ ልሂድ?»

ደብሪቱ ምላሷ የታሰረበት ቀን ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በኋላ ካልተነከረው ስንደዶ አንዲት ነጭ ሰበዝ መርጣ ሰጠችው።

«ቦታ ስጠው» አለችው። «እዚሁ ውስጥ ቦታ ስጠው፣ ከዚያ እለፍ።»

በአራተኛው ሰማያዊ ዙር ላይ አንዲት ነጭ ስፌት ሰፋ። አንዲት ብቻ። ከዚያ ባሕሩን ሰባት ዙር አድርጎ ጨረሰና አለፈ፤ ጅዛንን በግራጫ፣ ማቆያውን በጥቁር። ጠርዙን በማሾ ማሳ አረንጓዴ ዘጋው። የመድኃኒቱ ዓመትም በዚያው ወር አለቀ፤ ሐኪሙ ነጻ ነህ፣ ከማንም ጋር ብላ ጠጣ አለው። ቀኝ እጁ እስከ ግማሽ ይዘረጋል፤ ከዚያ በላይ እንቢ ብሏል።

ራህመት ሌማቱን ባየች ጊዜ የራሷን አንስታ ከአልጋው ስር ከተተችው። የእሱን በጣቷ ዙር በዙር ዳሰሰችው። ረድዋን ለኑርሃን ይሂድላት አላት፤ እናቱ ሰው ሠሪውን ይጠይቃል ብላ ስታመነታ፣ «እማ፣ እኔ ካልወጣሁ እሱ ይውጣ» አላት። በእሷ ስም እንዲሄድ ተስማሙ። ዙሩ ወደ ግራ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ በሠርግ ግርግር ማን ዙር ይቆጥራል ብለው ተጽናኑ። ስህተታቸው እዚህ ላይ ነው። ስፌት የሚያውቅ ሰው ባለበት አገር ስፌትን እንደ ሳህን ቆጠሩት።

የሠርጉ ቀን ግቢው በድንኳን ተሸፈነ፣ ድምፅ ማጉያው ሰፈሩን አናጋው፣ ከማጀቴ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጣ። ደብሪቱና ሌሎቹ ክርስቲያን ጎረቤቶች የእነሱ ድስት ለብቻ ተጥዶላቸው በአንድ ጥግ ተቀምጠዋል። ረድዋን አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። የለበሰው ጓዳ ውስጥ ባለች አንዲት የላስቲክ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ነው። ኑርሃን ልትለብስ ስትገባ አንገቱን አቅፋ፣ አሁንም ልንገራቸው አለችው። ኩልሽ ይበላሻል ብሎ አስወጣት።

ሙሽራዋ ልትወጣ ሲል የአንዋር አክስት እትዬ ዓሊያ በሴቶቹ ተከባ ሳሎን ገባች። የአባቱ ታላቅ እህት ናት፣ የቤተሰቡ ሴቶች ሁሉ የሚፈሯት፤ ስፌት ስታይ ደግሞ ሰው ትረሳለች። እነሱ ዘንድ የሙሽራ ሌማት የሰፋች እጅ ሳትመረቅ ሌማቱ ከቤት አይወጣም። ዓሊያ ትንሽ ጽዋ ውስጥ ለጋ ቅቤ ይዛ መጥታለች፤ የሰፋችውን እጅ ቅቤ ትቀባለች፣ ትመርቃለች፣ ከዚያ ሙሽራ ትወጣለች። ራህመት ይህን ወግ የሰማችው ያኔ፣ ዓሊያ ፊት ለፊቷ ቅቤውን ስትከፍት ነው።

ረድዋን በመጋረጃው ስንጥቅ ያያል። ዓሊያ ሌማቱን ጭኗ ላይ አድርጋ አውራ ጣቷን ከመሃል ጀምሮ በዙሩ ላይ ስታስኬድ አያት። ጣቷ ቆመ። መልሳ ከመሃል ጀመረች፤ ገልብጣ ጀርባውን አየች። ራህመት ቀኝ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

«ዙሩ ወደ ግራ ነው የሄደ» አለች ዓሊያ። «ግራኝ ነሽ እንዴ?»

ራህመት አንዳንዴ በግራም ትሰፋለሁ አለች። ሴቶቹ ፈገግ አሉ። ኑርሃን መሬት መሬት አየች። ደብሪቱ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። ዓሊያ ጣቷን ሰማያዊው ላይ አደረሰችና እንደገና ቆመች።

«ይቺ ነጭስ? ብቻዋን ምን ትሠራለች?»

«እሷ ስህተት ናት» አለች ራህመት ቶሎ ብላ። «ዓይኔ ደክሞ ነው። ነቅዬ አስተካክላታለሁ።»

ረድዋን እስከዚያች ቃል ድረስ ሊቀመጥ ቆርጦ ነበር። ወስፌው የእናቱ ቢባል፣ ስሙ ባይነሳ፣ እሱ ሳዑዲ ቢኖር ይችለዋል። ያ ልጅ ግን አንዴ ባሕር ውስጥ ቀርቷል፤ አሁን ደግሞ ከሌማቱ ሊነቀል ነው። እህቱንም አሰበ፣ ማጀቴ የሚመለሱትን ሁለት ሚኒባሶችም አሰበ። እጁ መጋረጃውን የገለጠው ይህን አስቦ ሳይጨርስ ነው።

«አትነቀልም» አለ። «ስህተት አይደለችም። አንድ ልጅ ነው፤ ስንሻገር ባሕር ላይ የቀረ። ስሙን ስለማላውቀው ነው እንደዚያ ያደረግኩት።»

ከውጭ ድምፅ ማጉያው ብቻ ይሰማል። ዓሊያ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ የሚያነክሰውን እግር፣ ከሆዱ ጋር የተለጠፈውን ቀኝ እጅ። ማን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ረድዋን ነኝ፤ ወንድሟ። ሳዑዲ ነው የተባልኩት። ከተመለስኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ታምሜ ነበር፣ መድኃኒቱን ጨርሻለሁ፣ ድነሃል ብለውኛል። አንዋርን በስልክ ያነጋገርኩት ከዚሁ ጓሮ ነው። በእናቴና በእህቴ አይፍረዱ፤ የተደበቅኩት በፈቃዴ ነው።»

አንዋር ሙሽራዋን ሊወስድ በሩ ላይ ደርሶ ሁሉንም ሰምቷል። ከዚያ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው ያልከኝ የሸዋሮቢትን ሙቀት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ረድዋን አዎ አለው። አንዋር ሳቁ አመለጠው፣ አክስቱ ዞር ብላ ስታየው ግን ዋጠው። የሁሉም ዓይን ዓሊያ ላይ ነው፤ ተነስታ ብትወጣ ሁለቱ ሚኒባሶች ባዶ እንደሚመለሱ ያላወቀ አልነበረም። ራህመት እጇን ማጠፍ ረስታ እንደ ዘረጋች ቀርታለች። ዓሊያ ሌማቱን እያየች ነጯን ስፌት በአውራ ጣቷ ሁለቴ ዳሰሰቻት።

«አንቺን ሌላ ቀን አነጋግርሻለሁ» አለቻት ራህመትን። ወደ ረድዋን ዞረች። «ቅቤው እየቀለጠ ነው። ና፣ ተንበርከክና እጅህን አምጣ።»

ግራ እጁን ዘረጋ። መዳፉንና ጣቶቹን ቀብታ ወስፌ የወጋጋውን ጫፍ ጫፉን አሸችለት። አላህ እጅህን ይባርክ፣ ቀለም አይጉደልብህ አለችው። ሊነሳ ሲል ክንዱን ያዘችው።

«ሌላዋስ?»

«እሷ አልሰፋችም እትዬ» አለ ረድዋን። «እሷ የያዘችልኝ ብቻ ናት።»

«ታዲያ ሳትይዝልህ በምን ሰፋኸው? አምጣት።»

ቀኝ እጁን ከሆዱ ላቀቀው። በብዙ ሰው ፊት ሲያወጣው የመጀመሪያው ነበር። ዓሊያ አልቸኮለችም። የቀረውን ቅቤ በሙሉ መዳፏ ላይ አፍስሳ የተጠቀለሉትን ጣቶች አንድ በአንድ እያባበለች ከፈተቻቸው፤ አልዘረጋ ያለውን ትንሹን ጣት እንዳለ ጨብጣ ያዘችው። ከዚያ ፊቱን ቀና ብላ አይታ፣ በዚያ ቤት ዓመት ከመንፈቅ ማንም ያላለውን አለች።

«እንኳን ደህና ገባህ ልጄ።»

ሴቶቹ ተቀበሉ። ከማጀቴ የመጡትም፣ ጎረቤቶቹም፣ እንዳለ እያወቁ ዓመት ከመንፈቅ ዝም ያሉት ሁሉ፣ በየተራ እየመጡ ቅቤ የተቀባውን እጁን እየጨበጡ እንኳን ደህና ገባህ አሉት። ኑርሃን ኩሏን ስለማበላሸት ያሰበች አትመስልም። ደብሪቱ በበሩ በኩል እያለፈች ማያዣዬን ቅቤ አጠጡብኝ፣ ከእንግዲህ ያሟልጨዋል እያለች አጉረመረመች፤ ዓይኗን ግን በነጠላዋ ጠርጋለች። ሷሊሕ ይህን ከውጭ ሰምቶ፣ ለነገ እንግዶች የተያዘው በግ ለረድዋን ዛሬውኑ ይታረድ ብሎ አዘዘ።

ሙሽሮቹ ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጡ ራህመት ወደ ጓዳ ገባች። ልጇ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠባትን የላስቲክ ወንበር ይዛ ወጣች፤ ሰዎች እናግዝሽ ቢሏት እምቢ አለች። በሰዉ መሃል ተሸክማት አልፋ ከኑርሃን ጎን አስቀመጠቻት፣ በነጠላዋ ጫፍ አቧራዋን ጠረገች፣ ከዚያ ረድዋንን በስሙ ጠራችው።